መኪናው የት ያድራል? ኤሌክትሪክ መኪና ለጅማ አይሆንም ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ ባለመኪኖችና ሹፌሮች ስልክ ላይ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ መኪና ለሀብታም አገር የተሠራ ቅንጦት ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ጊቤ በረሃ ላይ ባትሪው ያልቃል፤ ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል፤ የጅማ ዝናብና ጭቃ ያቃጥለዋል፤ የሚጠግነው የለም፤ የግድ ከሆነ ሃይብሪድ (በነዳጅም በባትሪም የሚሠራ መኪና) ይሻላል። ጸሐፊው ስለ ጥገና ያሉት በአብዛኛው ልክ ነው፤ ስለ ዋጋ ያሉትም የሚናቅ አይደለም። በቀረው ግን ሒሳብ ሳይሠሩ ነው የፈረዱት። ከሁሉ የሚገርመው ሁለት ጥያቄዎችን ሳያነሱ ማለፋቸው ነው፦ መኪናው በቀን ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል? ማታስ የት ያድራል? የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካልታወቀ፣ ይሆናል የሚለውም አይሆንም የሚለውም በጨለማ እንደ መወርወር ነው።

ቅንጦት ነው ወይ?

መጀመሪያ ንጽጽሩ ይስተካከል። ጸሐፊው ያነጻጸሩት አዲስ የቤንዚን መኪናን ከአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ጋር ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው እውነተኛ ምርጫ፣ እዚሁ አገር ውስጥ እጅ በእጅ የሚዞር የቆየ ቪትዝ ወይም ኮሮላ እና አዲስ የሚገባ ኤሌክትሪክ መኪና ናቸው። ኤሌክትሪኩ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የታክስ ማበረታቻ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ደግሞ ዜሮ ቀረጥ ተጥሎበት ነበር፤ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስም ነፃ ተደርጎ ነበር። ሆኖም ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመግዣ ዋጋው መናሩን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል።

እስቲ በብር እናስላው። ቤንዚን በሊትር 100 ብርን ካለፈ ቆይቷል፤ ለስሌት 120 ብር እንያዝ። በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና በቀን 40 ኪሎሜትር፣ በወር 26 ቀን ብትሄድ 73 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 8,700 ብር ታስወጣለች። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለ40 ኪሎሜትር ቆጣሪ ላይ 6 ኪሎዋት ሰዓት ታስነብባለች። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተደርጎ የወጣ ነው፤ አጠቃቀም በበዛ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ ለክፉውም ለደጉም 10 ብር እንበለው። በወር 156 ኪሎዋት ሰዓት፣ 1,560 ብር። ልዩነቱ በወር 7,100 ብር፣ በዓመት 86 ሺህ ብር ገደማ ነው።

አሁን ኤሌክትሪኩ ከአሮጌው ቪትዝ በ1 ሚሊዮን ብር ይበልጣል እንበል። በ86 ሺህ ቢካፈል ከ11 ዓመት በላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ባለመኪና የጸሐፊው «ቅንጦት» የሚለው ቃል ብዙም አልራቀም፤ የዘይት፣ የፊልትሮና የካንዴላ ወጪ ቢቀነስም ሒሳቡ ቶሎ አይገጥምም። ያችው መኪና ግን ታክሲ ሆና በቀን 150 ኪሎሜትር ብትሠራ ልዩነቱ በዓመት 320 ሺህ ብር ይደርሳል፤ ሚሊዮኑ በሦስት ዓመት ይመለሳል። አንዲት መኪና፣ አንዲት ከተማ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። አገሪቱ ድሃ መሆኗ በዚህ ስሌት ውስጥ የትም አልገባም።

መብራት ይጠፋል

መጥፋቱን የሚክድ የለም። ክረምት ሲገባ አንድ ዛፍ መስመር ላይ ከወደቀ ሰፈሩ አድሮ ሊውል ይችላል። መኪና ግን አምፖል አይደለም። አምፖል መብራት በሄደበት ደቂቃ ይጠፋል፤ መኪና የሚፈልገው በ24 ሰዓት ውስጥ የሆነ ጊዜ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት መብራት ማግኘት ብቻ ነው። አብሯት የሚመጣው 10 አምፔር ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ከላይ ያልነውን 6 ኪሎዋት ሰዓት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ለማነጻጸር፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ያህል እንጀራ የተጋገረበት ቤት የመኪናዋን የቀን ቀለብ ጨረሰ ማለት ነው። ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋ ትንሽ የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲጋል በቀን 40 ኪሎሜትር ብትሄድ አንዴ ተሞልታ ሰባት ቀን ትውላለች። ሰባት ቀን በተከታታይ መብራት ከጠፋ ችግሩ ከመኪና በላይ ነው።

የማደያው ፓምፕም በመብራት እንደሚሠራ እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። ነዳጁ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ነው ጅማ የሚገባው። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊልጌል ጊቤ አንድ ግን እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። ጸሐፊው ብክለቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም ያሉትም በዚሁ ይመለሳል፤ የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የውሃ ነው።

መኪናዋን ይበልጥ የሚጎዳት የመብራቱ አመጣጥ ነው። ምሰሶ ላይ ያለው ኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ 220 የነበረው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚያቃጥለው ኃይል የመኪናውን ውስጣዊ ቻርጀርም አይምርም። አብዛኛው የመኪና ቻርጀር እስከ 264 ቮልት ድረስ ነው የሚችለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በብሬከሩ ቦርድ ላይ ቮልቴጅ የሚጠብቅ ሪሌይ ማስገጠም፣ ከ180 በታችና ከ250 በላይ ሲሆን እንዲቆርጥ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣም ሦስት ደቂቃ ጠብቆ እንዲያገናኝ ማስተካከል።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው። የቤት ሶኬት ላይ አንድ ሰዓት ካውያ ሲሰካና ስምንት ሰዓት መኪና ሲሰካ አንድ አይደለም። ውስጡ ያለው ብሎን ከላላ እዚያች ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፤ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ይጣበቃል። ቻርጅ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ስፒናውን በእጅ መንካት ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ማቋረጥ። ዲቫይደር ፈጽሞ አይሞከር። ለ10 አምፔር ከብሬከር ቦርዱ ቀጥታ የመጣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የራሱ መስመር ይበቃል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ባለ 32 አምፔር፣ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 6 ካሬ ሽቦ፣ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 10 ካሬ፣ ባለ 40 አምፔር ብሬከርና በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም እንበል፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። ብዙ የቆዩ ቤቶች ሁለት ሽቦ እንጂ ግራውንድ (ያመለጠ ኃይልን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የላቸውም። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ይህን ጊዜ አንዳንድ ኤሌክትሪሻን ሶኬቱን ይፈታና ከኒውትራሉ ወደ ግራውንድ መያዣው አጭር ሽቦ ያገናኛል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ ሁሉም ይደሰታል። ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን ግን መኪናው ከነቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የከፈተ ሰው አለቀለት። ትክክለኛው ሥራ የመዳብ ዘንግ ቢያንስ ሜትር ተኩል መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ የመሬቱን ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) በመሣሪያ ለክቶ ከ10 ኦም በታች ማውረድ ነው። የጅማ ቀይ አፈር በክረምት ረጥቦ ስለሚከርም ለዚህ ምቹ ነው። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ግን በበጋ፣ አፈሩ ሲደርቅ ነው፤ በሐምሌ 8 ኦም ያነበበ ዘንግ በየካቲት እጥፍ ሊያሳይ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ዘንግ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ይጨመራል።

ጸሐፊው ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችለውም ብለዋል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፣ ግን ሁሉም ቤት 7 ኪሎዋት ሲያስገጥም ነው። በአንድ ባለ 200 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሥር 30 መኪኖች በአንድ ጊዜ በ7 ኪሎዋት ቢሰኩ 210 ኪሎዋት ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩ አለቀለት። በ2.2 ቢሰኩ ግን 66 ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ምጣዱም ምድጃውም ሥራ ላይ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ግን መስመሩ ባዶ ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ቻርጅ የሚጀምሩበትን ሰዓት መቅጠር ይቻላል፤ የሚሞላው በቻይንኛ ምናሌ ስለሆነ ነው ሰው የማይጠቀምበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። ተከራይ ሆኖ ቆጣሪውን ከአራት አባወራ ጋር የሚጋራ ሰው ወሩ ሲያልቅ ከአከራይም ከጎረቤትም መጣላቱ አይቀርም፤ የራሱን ንዑስ ቆጣሪ አስገጥሞ በንባብ ካልከፈለ በቀር። መኪናውን መንገድ ዳር በዘበኛ የሚያሳድር ሰው ደግሞ ገመዱን የት ሊሰካው ነው? ለእንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ኤሌክትሪክ መኪና አይመከርም። ጽሑፉ ስለ ቅንጦት ሲያወራ ይህን ቢያነሳ ኖሮ ብዙ ሰው በጠቀመ ነበር።

ጊቤ በረሃ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ፣ በሶኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል፤ ድልድዩ አካባቢ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ 800 ሜትር ያህል ይነሳል። ጸሐፊው ይህች አቀበት ባትሪውን ትጨርሰዋለች ይላሉ። አራት ሰውና ዕቃ የጫነ፣ በጠቅላላው 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 800 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲታከልበት 6 ቢሆን ነው። ከሶኮሩ በኩል ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከ3 ያላነሰ ይመልሳል። ጊቤ በረሃ በንጹሕ ሒሳብ የሚበላው 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። ከጊቤ ይልቅ የሚያሳስበው አዲስ አበባ ከጅማ ወደ 570 ሜትር ያህል ከፍ ማለቷ ነው፤ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ትርፍ ወጪ ነው። በዚህ የተነሳ መሄዱ ከመመለሱ ይከብዳል።

እንግዲህ መኪናውን ለይተን እንይ። ባለ 83.4 ኪሎዋት ሰዓቱ ፎልክስዋገን አይዲ 4 በሰዓት ከ70 እስከ 80 ከተነዳ በ100 ኪሎሜትር 18 ገደማ ይበላል፤ ለ350ው 63፣ ለአቀበቱ 7፣ በድምሩ 70። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ 13 ተርፎት ይደርሳል። በሰዓት 110 ከተነዳ ግን ወደ 24 ይወጣል፤ አይደርስም። ነፋስ የሚጨምረው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነው፤ ጊቤን የፈራ ሹፌር መፍራት የነበረበት ከወሊሶ ወዲያ ያለውን ሜዳ ነው። ቢዋይዲ ሲጋልን ብንወስድ ደግሞ ፋብሪካው 405 ኪሎሜትር ይላል፤ በቻይና መለኪያ ስለሆነ 70 በመቶውን፣ 280ውን እመኑ። ወልቂጤ ስትደርስ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀራታል፤ ለቀረው 155 ኪሎሜትር ቢያንስ 16 መሙላት አለባት። በሆቴል ግቢ ሶኬት ስምንት ሰዓት ነው፤ አዳር ማለት ነው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴ ትንሿን መኪና መሸጥ ማታለል ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ሰው ነው።

ለቁልቁለቱ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ማርሽ ፍሪ አድርጎ መውረድ የለመደ እግርና እጅ ኤሌክትሪክ መኪና ላይም ያደርገዋል። ፍሪ ላይ ሞተሩ ኃይል አይመልስም፤ ሹፌሩ 3 ኪሎዋት ሰዓት ከመጣሉ ሌላ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪናን በፍሬን ሸራ ብቻ ሊይዝ ይሞክራል። ኃይል የመመለሻውን ደረጃ ከፍ አድርጎ በድራይቭ መውረድ ነው። ሁለተኛ፣ ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ስለሌለ መኪናው ሳይታሰብ ይፈጥናል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚመለስ ሰው እዚያ ቻርጅ ካደረገ 90 ላይ ያቁም።

ባትሪው በሦስት ዓመት ይሞታል

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ መገመት ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ባጃጆች ብዙዎቹ በእርሳስና አሲድ ባትሪ የሚሠሩ ነበሩ፦ አምስት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በተርታ። እነዚህ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቢሞሉ ነው። በየቀኑ እስኪያልቁ የሚነዱ ከሆነ ዓመት ተኩል አይቆዩም፤ ከአምስቱ አንዱ ሲደክም ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። የአሁኖቹ መኪኖች የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን 3,000 ጊዜ ያህል ቢሞላም አቅሙን አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። አንዴ ተሞልታ 280 ኪሎሜትር የምትሄድ መኪና 3,000 ጊዜ ብትሞላ የሚሆነውን ማባዛት ነው። ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የጅማ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከባሕር ዳርቻ አገሮች የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል። በዚህ ነጥብ ጅማ ዕድለኛ ናት።

አደጋው ያገለገለ መኪና መግዛት ላይ ነው። ሻጩ ዳሽቦርዱን አብርቶ 100 በመቶ ያሳያል፤ ያ ቁጥር የሚነግረው የቀረው ባትሪ መሙላቱን ነው፣ ስንት እንደቀረ አይደለም። መፈተኛው በካርድ ቆጣሪ ይሠራል። መኪናውን እስከ 20 በመቶ መንዳት፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ መንቀል፣ የቆጣሪውን ንባብ መጻፍ፣ እስከ 80 በመቶ መሙላት፣ እንደገና ማንበብ። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው ከተባለ ስድሳ በመቶው 36 ነው፤ ከብክነቱ ጋር ቆጣሪው 40 ሊያነብ ይገባል። 30 ብቻ ካነበበ ባትሪው ሩብ ያህል አቅሙን አጥቷል፤ ዋጋውም በዚያ ልክ ይወርዳል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር አንድ ሌሊት የሚፈጅ ፈተና ነው፤ አንድ ሌሊት አልታገሥም የሚል ሻጭ ካለ መልሱን ሰጥቷል።

ከዚህ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከደከመች በሩም አይከፈት፣ ዳሽቦርዱም አይበራ። ባለቤቱ ባትሪው ሞተ ብሎ ያወራል፤ ወሬውም እንዲህ ይወለዳል። ሦስት ሳምንት ቆማ ለምትከርም መኪና ትንሿን ባትሪ መንቀል፣ በሩን በእጅ ለመክፈትም የቁልፉን የብረት ምላስ መያዝ ነው። የጎረቤትን ቤንዚን መኪና ከኤሌክትሪክ መኪና በኬብል ማስነሳት አይገባም፤ የሞተር ማስነሻ የሚስበው አምፔር የኤሌክትሪክ መኪናውን ቮልቴጅ መቀየሪያ ሊያቃጥል ይችላል።

ዝናብና ጭቃ

በዚህ ላይ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። የባትሪው ሳጥን በአብዛኛው አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚታሸገው። ከዝናብ ይልቅ ጎርበጥባጣ ኮብልስቶንና ሹል ድንጋይ ይፈራል፤ ሳጥኑ ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ጫና ሲበዛ ከመሬት 15 ሴንቲሜትር የማትርቅ መኪና ወደ ገጠር መንገድ አትውጣ። በየስድስት ወሩ ጎሚስታ ዘንድ አስነስቶ የታችኛውን መሸፈኛ፣ ብሎኖቹንና የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦ መጋጠሚያዎቹን ማየት፤ የተጠራቀመው ቀይ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ጡብ ስለሚከብድ መሸፈኛውን ይገነጥለዋል። ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃውን ብርቱካንማ ቀለም ባላቸው ኬብሎች መጋጠሚያ ላይ አለማነጣጠር። ፍሬኑ እምብዛም ስለማይያዝ በጅማ እርጥበት ዲስኩ ይዝጋል፤ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠንከር አድርጎ መያዝ ያጸዳዋል።

የሚጠግነው የለም

ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ቴስታ (የሞተሩን ራስ) አውርዶ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) የሚቀይር ባለሙያ በጅማ ሞልቷል፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚያውቅም እንዲሁ። ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚይዝ መኪና ሥር የሚገባ ግን ጥቂት ነው፤ ሳይማር የሚገባው ደግሞ ለሕይወቱ ያሰጋል። ትንሹ ሥርዓት ይህ ነው፦ ማጥፋት፣ ቁልፉን ማራቅ፣ ባለ 12 ቮልቱን መንቀል፣ የጥገና መቁረጫውን (ትልቁን ባትሪ የሚያለያየውን መሰኪያ) ማውጣት፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት አድርጎ ዜሮ መሆኑን መለካት። አሥሩ ደቂቃ ለካፓሲተሮቹ ነው፤ መቁረጫው ከወጣ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

አብዛኛው የዕለት ጥገና ግን ከፍተኛ ቮልቴጅን አይነካም፦ ጎማ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን ሸራ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር የፍሬን ዘይት። ጎማው ከቤንዚን መኪና ቶሎ ያልቃል፤ መኪናው ከባድ ስለሆነ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጎማው ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅምም መመሳሰል አለበት። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው፤ የጥፋቱ ዋጋ ከአንድ ጀሪካን ትክክለኛ ፈሳሽ ጋር አይወዳደርም።

ሃይብሪድ ይሻላል?

ሃይብሪድ ትርፉ የሚታየው ቆም ሂድ በሚበዛበት ከተማ ነው። ጅማ እንደ አዲስ አበባ በመኪና አትታነቅም፤ ወደ አጋሮና ወደ በደሌ ያለው መንገድም በእኩል ፍጥነት የሚነዳ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ያሰቡትን ያህል ነዳጅ አይቆጥብም። አገር ውስጥ ያሉት የቶዮታ ሃይብሪዶች፣ ፕሪየሶች፣ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ባለ 201.6 ቮልት ባትሪ ከ28 ክፍሎች የተሠራ ነው። አንዱ ክፍል ሲወድቅ ያንኑ ብቻ መቀየር የተለመደ ነው፤ አዲሱ ከ27ቱ አሮጌዎች ጋር ስለማይመጣጠን በጥቂት ወር ሌላው ይከተላል። ከሁሉ በፊት ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለችው የአየር ማስገቢያ ትታይ፤ በአቧራ ስትደፈን ባትሪው በሙቀት ይታመማል፣ ማጽዳቷ ግን ብሩሽ ብቻ ነው የሚፈልገው። የ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር ማቀዝቀዣ ይደፈንና ጓርኒሲዮኑን እስከ መብላት ይደርሳል።

በጊቤ ቁልቁለትም የፕሪየስ ባትሪ ትንሽነት ይታያል። በጠቅላላው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ግማሹም አይሠራበትም። 1,500 ኪሎ የሚመዝነው መኪና 800 ሜትር ሲወርድ ከ3 በላይ ይለቃል። ባትሪው ገና ከጅምሩ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ማርሹን ወደ ቢ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ ነው። በዲ ዝም ብሎ የወረደ ሰው ፍሬኑ ሲሸት ያውቀዋል። ሃይብሪድ የሚያዋጣው ማታ ሶኬት ለሌለውና ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን፣ ወደ ቴፒ ለሚመላለስ ሰው ነው። ሶኬት የሚሰካ ሃይብሪድ ገዝቶ የማይሰካ ሰው ግን ባትሪውን እንደ ጆንያ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

የቀረው

ከገራ፣ ከጎማና ከሊሙ ወረዳዎች ቡና የሚያወጣ አይሱዙ ወይም ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ዛሬ በናፍጣ ይቀጥላል፤ የክረምቱን መንገድ፣ ጭነቱንና ርቀቱን የሚችል በጅማ ገበያ የሚገኝ ኤሌክትሪክ መኪና የለም። ጅማ አጋሮ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚሠራ ሚኒባስም በቀን 270 ኪሎሜትር ስለሚሄድ ቀን ላይ ፈጣን ቻርጅ ካላገኘ አይሆንለትም።

ባጃጅ ግን ጽሑፉ በአንድ መስመር እንኳ ያላነሳው ሆኖ ሳለ ነገሩ በሙሉ የሚገጥመው እሱ ላይ ነው። በቀን 100 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሁሌም ከተማ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራል። የቤንዚኑ 4 ሊትር ይጠጣል፤ የሊቲየሙ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከላይ በያዝነው ዋጋ 480 ብርና 80 ብር። እንቅፋቱ ያው ማደሪያው ነው፤ ብዙው ባጃጅ የሚያድርበት የኪራይ ግቢ ያለው መስመር የዘበኛውን አምፖልና ስልክ ከመቻል አያልፍም። ሃያ ባጃጆች እያንዳንዳቸው በ2.2 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 44 ኪሎዋት ነው፤ በሦስት ፌዝ (ኃይል በሦስት ሽቦ በሚመጣበት) መስመር በየፌዙ እስከ 70 አምፔር። አሥር አሥር ሆነው በሁለት ተራ፣ አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7፣ ሌላው ከ7 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ቢሞሉ በየፌዙ 40 አምፔር ይበቃል። የግቢው ባለቤት የሚያወጣው ለሦስት ፌዝ ቆጣሪ፣ ለሃያ ንዑስ ቆጣሪ፣ ለግራውንድ ዘንጎችና ከዝናብ ለሚከልል ቆርቆሮ ነው፤ ተራውን የሚቀይረው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድረው ዘበኛ ነው።